ዕዳችሁ ከቁጥጥራችሁ እየወጣ መሆኑን በአንድ ምሽት ለይታችሁ የምታውቁበት አሠራር

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የብድር ሠራተኛ ሆኜ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ከሥራ ሰዓት ውጭ የምጠየቀው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ፣ ከጊዮርጊስ ስመለስ፣ እድር ላይ ተቀምጠን ሳለ አንድ ሰው ጠጋ ይላል። ድምፁን ዝቅ ያደርግና "ብዙም ዕዳ የለብኝም፣ ግን እንዲያው… በዛብኝ እንዴ?" ይለኛል። ቆመን የምንጨርሰው ነገር ስላልሆነ ይኸው ጻፍኩት።

መልሱ በብሩ ብዛት አይታወቅም። 200,000 ብር ተበድሮ በሰላም የሚከፍል አለ፤ 6,000 ብር ዕዳ ይዞ እንቅልፍ ያጣም አለ። ሁለቱን የሚለያቸው ዕዳው በምን ገንዘብ እየተከፈለ እንደሆነ ነው። ከገቢያችሁ ነው ወይስ ከሌላ ዕዳ? ይህን ለማወቅ ሁለት ሰዓትና አንድ ደብተር ይበቃል።

የሚያስፈልጋችሁ

- ባለ 50 ሉክ ደብተር። ብጫቂ ወረቀት አይሆንም፤ ይጠፋል።
- ሁለት እስክሪብቶ፣ አንድ ሰማያዊና አንድ ቀይ።
- ስልካችሁ፣ መልእክቶቹ ሳይጠፉ። ሁለት ሲም ካርድ ካላችሁ ሁለቱንም።
- የደሞዝ ወረቀት፣ ወይም የዕለት ገቢያችሁን የምትጽፉበት ማንኛውም ነገር።
- ከሱቅ የዱቤ ደብተሩ። ባለሱቁ ጋ ከሆነ ያለውን ገጽ በስልክ ፎቶ አንሱት።
- የእቁብ ደብተር፣ የብድር ውል፣ የፈረማችሁት ማንኛውም የዋስትና ወረቀት።
- ልጆች የተኙበት ሰዓት። ባለትዳር ከሆናችሁ ሁለታችሁም ብትኖሩ ጥሩ ነው፤ ካልሆነም ብቻችሁን ጀምሩ።

1. ዕዳችሁን በሙሉ አንድ ገጽ ላይ አውጡ

በሰማያዊ ጻፉ። የባንክና የማኅበር ብድር ሁሉም ያስታውሳል። የሚረሱት ሌሎቹ ናቸው፦ የሱቅ ዱቤ፣ በስልክ የተወሰደ ብድር (የቴሌብር መላም ሆነ እንደኪሴ ወይም የሌላ ባንክ)፣ ከዘመድ የተወሰደ፣ የዘገየ የቤት ኪራይ፣ ያልተከፈለ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ልብስ ሰፊው ጋ የቀረ ቀሪ ሒሳብ።

እቁብ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እጣ ሳይወጣላችሁ የምትጥሉት እቁብ ቁጠባ ነው። እጣ ወጥቶላችሁ ብሩን ከወሰዳችሁ በኋላ የምትጥሉት ግን ዕዳ ነው። የሌሎቹን ገንዘብ ቀድማችሁ በልታችኋል፤ አሁን እየመለሳችሁ ነው። ስለዚህ የቀረውን ሳምንት በሚጣለው ብር አባዙና ከዕዳ ጋር ጻፉት።

ዋስ የሆናችሁበትንም ጻፉ። "የእኔ አይደለም" እንዳትሉ። እኔ ራሴ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ የዋስትና ደብዳቤ አጽፌ ሰጥቼው ነበር። ከተማ ለቆ ሄደ። በሦስተኛው ወር ደሞዜን ስቀበል ጎድሎ አገኘሁት፤ አሥራ አንድ ወር ሙሉም ተቆረጠብኝ። ያን ጊዜ ለልጄ ትምህርት ቤት ያሰብኩት ብር ነበር። ያ ዋስትና የትም አልተጻፈም ነበርና እንደ ዕዳ አስቤው አላውቅም። ዋስትናን በገጹ ግርጌ ለብቻው ጻፉ፤ ከድምሩ አትቀላቅሉት፣ ግን ከዓይናችሁ አይጥፋ።

ይህ እርምጃ ለምን ያስፈልጋል? ለእያንዳንዱ ዕዳ ለብቻው ስናስብ ሁሉም ትንሽ ነው። "ዕዳው ገብስ ነው" እንላለን። አንድ ገጽ ላይ ሲሰለፉ ግን ድምሩ ይታያል። አብረውኝ ከሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ ድምሩን ሲያዩ ከገመቱት በልጦ አግኝተውታል።

2. ከእያንዳንዱ ዕዳ ጎን አራት ነገር አስፍሩ

ቀሪው ስንት ነው? በወር ስንት ይከፈላል? የሚያልቀው መቼ ነው? ባይከፈል የሚወሰደው ምንድን ነው?

አራተኛው ጥያቄ ዋናው ነው። የባንክ ብድር ቤት ከያዘ፣ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል፤ ከዚያ በፊት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። እቁብ ዋሳችሁን ይይዛል። የማኅበር ብድር ደሞዝ ይይዛል። የወንድም ብር የሚይዘው ዝምድና ነው፤ እሱም ቀላል አይደለም። ቼክ ጽፋችሁ የሰጣችሁ ከሆነ በቀይ ክበቡት። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት በወንጀል ያስጠይቃል። ይህን የማያውቅ ነጋዴ አሁንም አለ።

ወለዱንም በብር ጻፉት፣ በመቶኛ ብቻ አትተዉት። "በወር አሥር ፐርሰንት" ሲባል ቀላል ይመስላል። 20,000 ብር ላይ በወር 2,000 ብር ነው። አሥር ወር ከፍላችሁ 20,000 ሰጥታችኋል፤ ዋናው ብር ግን እንዳለ ቁጭ ብሏል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2479 በግለሰቦች መካከል ለሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ለዚያው 20,000 ብር በዓመት 2,400 ብር ማለት ነው። በወር አሥር ፐርሰንት የሚወስደው አራጣ አበዳሪ ሕጉ የሚፈቅደውን የዓመት ወለድ በአንድ ወር ከጥቂት ቀን ጨርሶ ይወስዳል።

የስልክ ብድርም እንዲሁ ይሰላ። ለምሳሌ 1,000 ብር ለአንድ ወር ወስዳችሁ 50 ብር የአገልግሎት ክፍያ ብትከፍሉ ምንም አይመስልም። በየወሩ እየመለሳችሁ እንደገና ብትወስዱ ግን በዓመት 600 ብር ከፈላችሁ። የራሳችሁ ብድር ክፍያው ስንት እንደሆነ ስታጸድቁት በመጣው መልእክት ላይ ተጽፏል፤ እሱን ገልብጡ።

3. ገቢያችሁን በደካማው ወር ለኩ

ደሞዝተኛ ከሆናችሁ ቀላል ነው። ግብርና ጡረታ ከተቀነሰ በኋላ ያለውን ውሰዱ፣ ነገር ግን የብድር ተቆራጭ ከመቀነሱ በፊት። የብድሩን ክፍያ ዕዳ ገጹ ላይ ጽፋችሁታልና ሁለቴ እንዳይቀነስ።

ባጃጅ የምትነዱ፣ ዓሣ የምትሸጡ፣ በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ሰው የምታመላልሱ፣ ግንባታ ላይ የምትውሉ ከሆነ ያለፈውን ስድስት ወር አስቡ። ጥሩውን ወር አትውሰዱ፤ ደካማውን ውሰዱ። ክረምት ላይ ጀልባው ይቀዘቅዛል፣ ግንባታው ይቀዘቅዛል። መንገድ ሲዘጋ ወይም ባጃጅ እንዲቆም ሲደረግ ቀኑ ባዶ ነው። ዕዳ ግን ለባዶ ቀን አይዘልም። የእቁብ ሰብሳቢውም "ዛሬ አልሠራሁም" ስትሉት እያዘነላችሁ ነው የሚቀበላችሁ፣ ቢሆንም መቀበሉ አይቀርም። በጥሩ ወር ስሌት የተበደረ ሰው በደካማው ወር ይወድቃል።

4. የዕዳ ክፍያው ከገቢው ስንት እጅ እንደሆነ አስሉ

በወር የምትከፍሉትን ሁሉ ደምሩ። ለገቢያችሁ አካፍሉ። በ100 አባዙ።

- ከ33 በታች ከሆነ፣ ይተነፈሳል።
- ከ33 እስከ 50 ከሆነ፣ አንድ በሽታ ወይም አንድ ለቅሶ ያናውጣችኋል።
- ከ50 በላይ ከሆነ፣ ከሠራችሁት ግማሹ በላይ የሌላ ሰው ነው።

አንድ ሦስተኛን መስመር ያደረግሁት ከመሬት ተነሥቼ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) ከአንድ ሠራተኛ ደሞዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ጠቅላላ ድምር ከወር ደሞዙ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሰው በቀረው መብላት አለበት።

ለመማሪያ ያዘጋጀሁትን አንድ ስሌት እንሥራ። አንዲት መምህርት እንበል። ከደሞዝና ከማስጠናት በወር 14,000 ብር ይገባታል።

- የማኅበር ብድር፦ ቀሪ 48,000፣ በወር 2,600
- የወሰደችው እቁብ፦ በሳምንት 500፣ 14 ሳምንት ቀርቷል፣ ቀሪ 7,000፣ በወር 2,000
- ካለፈው ወር የዞረ የሱቅ ዱቤ፦ 1,900
- የስልክ ብድር ከነክፍያው፦ 1,600
- ከወንድሟ፦ 10,000፣ ቀን አልተቆረጠለትም

ጠቅላላ ዕዳው 68,500 ብር ነው። በዚህ ወር የሚከፈለው 8,100 ብር። ለ14,000 ሲካፈል 58 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከ50 አልፏል። የቀራት 5,900 ብር ነው። ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርትና የልጆች ወጪ 10,000 ብር ከሆነ የ4,100 ብር ጉድጓድ አለ። ቁጥሩን ይዛችሁ ቆዩ፣ በስድስተኛው እርምጃ እንመለስበታለን። እዚህ ላይ ቆሞ "አለቀልኝ" ማለት ስሕተት ነው።

5. ያለፈውን ሦስት ወር እያንዳንዱን ክፍያ "ከየት መጣ?" ብላችሁ ጠይቁ

ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ዝለሉ፣ ይህን ግን አትዝለሉ።

ቀዩን እስክሪብቶ አንሡ። ስልካችሁ ላይ ከ127 (ከቴሌብር) እና ከባንኩ የመጡትን መልእክቶች ከኋላ ወደ ፊት አንብቡ። የወጣውን ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፣ ከመውጣቱ በፊት የገባውን እዩ። ሰኞ ማታ 1,500 ብር ብድር ገባ ይላል። ማክሰኞ ጠዋት 1,000 ብር ለእቁብ ጸሐፊው ተላከ ይላል። ሁለቱን መልእክት ለየብቻ ስታዩአቸው ምንም የላቸውም። አንዱን ከአንዱ በታች ስትጽፏቸው ግን እቁቡ በብድር እንደተጣለ ይታያል። ከዕዳ የተከፈለውን ዕዳ ሁሉ በቀይ ጻፉት።

የሱቅ ዱቤ ደብተርም እንዲሁ ይነበባል። አንድ የዓባይ ማዶ የባጃጅ ሹፌር የዱቤ ደብተሩን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ አጥፎ ይዞልኝ መጣ። ሽፋኑ ላይ የግሪስ አሻራ አለ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ገለጥን። ዘይት ግማሽ ሊትር፣ እንቁላል 2፣ ሳሙና 1፣ ስኳር ሩብ። እያንዳንዱ መስመር በእስክሪብቶ ተሰርዟል፤ ተከፍሏል ማለት ነው። መሐል ላይ ስንደርስ ከገጹ ግማሹ ብቻ ተሰርዟል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች ላይ አንድም የተሰረዘ መስመር የለም። ዘይቱም፣ ሳሙናውም እንዳለ ቆሟል። አውራ ጣቱን ከላይ እስከ ታች እየጎተተ ዝም አለ። "ባለሱቁ እኮ አንድ ቀን ተናግሮኝ አያውቅም" አለኝ።

ባለሱቅ ጎረቤት ነው፣ ይሉኝታ ይይዘዋል፤ አይናገርም። ደብተሩ ግን ይናገራል። ስለዚህ ዕቃውን ሳይሆን ስረዛውን እዩ። ወር በገባ ቁጥር ያልተሰረዘው መስመር እየጨመረ ከሄደ ቤታችሁ ከገቢው በላይ እየበላ ነው። በየወሩ ሙሉ በሙሉ የሚሰረዝ ዱቤ ግን ችግር አይደለም፤ እሱ አስቤዛ ነው።

አሁን ቀዩን ቁጠሩ። በሦስት ወር ውስጥ አንድ ቀይ ቢኖር ያጋጥማል፤ ልጅ ታሞ ሊሆን ይችላል። በየወሩ አንድ ካለ ዕዳው ከቁጥጥራችሁ መውጣት ጀምሯል። በየወሩ ሁለትና ከዚያ በላይ ካለ ወጥቷል፤ ዕዳው ራሱን እየመገበ ነው።

6. የሚመጣውን ስድስት ወር ዘርጉ

አዲስ ገጽ ላይ ስድስት ዓምድ አስምሩ፣ የወሮቹን ስም ጻፉ። እያንዳንዱ ዕዳ የሚያልቅበትን ወር ምልክት አድርጉ። ከሥሩ የሚመጣውን ወጪ ጻፉ፦ የነሐሴና የመስከረም ምዝገባና ደብተር፣ እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ የጥር ሰርግ፣ ፋሲካ፣ በቤታችሁ የታሰበ ክርስትና ወይም ተዝካር። በዓል ድንገተኛ ወጪ አይደለም። ቀኑ ይታወቃል። ሆኖም ወደ ቢሯችን ከሚመጣው የችኮላ ብድር ብዙው የበዓል ዋዜማ ላይ ነው።

ወደ መምህርቷ እንመለስ። በመጀመሪያው ወር 4,100 ጎደላት። የሱቁንና የስልኩን ከዘጋችና እንደገና ካልወሰደች በሁለተኛው ወር የሚከፈለው 4,600 ብቻ ነው። 10,000 ወጪ ስንጨምር 14,600፤ ጉድለቱ 600 ብር ሆነ። ሦስተኛውም 600። በአራተኛው ወር እቁቡ ሁለት ሳምንት ብቻ ይቀረዋል፣ 400 ብር ይተርፋታል። በአምስተኛው 1,400 ይተርፋታል። ጠቅላላ ጉድጓዱ 5,300 ብር ነው፣ ዕድሜውም ሦስት ወር። ይህ በሽታ አለው እንጂ ሞት የለበትም። ባለሱቁን "1,900ውን በሦስት ወር ልክፈልህ" ብትለው፣ አንድ ተማሪ ጨምራ ብታስጠና፣ ያልተጠቀመችበትን ዕቃ ብትሸጥ ይዘጋል። አዲስ የስልክ ብድር ብትወስድ ግን ጉድጓዱ ወደ አራተኛውና ወደ አምስተኛው ወር ይሻገራል።

አንድ ሌላ ሰው እዚያው 58 በመቶ ላይ ሆኖ በስድስተኛው ወርም ጉድለቱ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። መቶኛው አንድ ነው፣ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። ይህ ገጽ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

7. ጠባያችሁን ጠይቁ

ቁጥር ከመናገሩ በፊት ጠባይ ይናገራል። በሐቀኝነት "አዎ" ወይም "የለም" በሉ።

- በሱቁ በር ላለማለፍ መንገድ ቀይራችኋል? ወይስ ራሳችሁ ትታችሁ ልጅ ትልካላችሁ?
- የማታውቁት ቁጥር ሲደውል ልባችሁ ይመታል? አንዱን ሲም ዘግታችኋል?
- ከባለቤታችሁ የደበቃችሁት ብድር አለ?
- እድር ወይም ማኅበር ቀርታችኋል፣ አበዳሪያችሁ እዚያ ስላለ?
- ደሞዝ በገባ በሦስት ቀን ውስጥ ያልቃል?
- ለጤፍ፣ ለዘይት፣ ለከሰል ተበድራችኋል?
- ወርቅ ወይም የቤት ዕቃ ሸጣችሁ ወለድ ብቻ ከፍላችኋል?
- "ጠቅላላ ስንት አለብህ?" ብትባሉ፣ ይህን ደብተር ከመክፈታችሁ በፊት መልስ አልነበራችሁም?

ሦስት "አዎ" ካለ ቁጥሩ ጥሩ ቢመስልም ተመልሳችሁ አንደኛውን እርምጃ እዩ። ያልጻፋችሁት ዕዳ አለ ማለት ነው። በተለይ መደበቁን ንቄ አላየውም። ሰው የሚደብቀው ስለሚያፍር ነው፤ ሲደብቅ ብቻውን ይሆናል፤ ብቻውን ሲሆን ደግሞ ጥያቄ የማይጠይቀው አበዳሪ ጋ ይሄዳል። እሱም አራጣ አበዳሪው ነው።

8. የት እንደቆማችሁ ወስኑና በዚህ ሳምንት አድርጉ

አረንጓዴ፦ ከ33 በታች፣ ቀይ መስመር የለም ወይም አንድ ብቻ ነው። ምንም አትለውጡ። ደብተሩን በወር አንድ ጊዜ ሙሉ።

ቢጫ፦ ከ33 እስከ 50፣ ወይም በየወሩ አንድ ቀይ አለ፣ ወይም እንደ መምህርቷ ከ50 በላይ ሆኖ በጥቂት ወር የሚዘጋ ጉድጓድ ነው። አዲስ ዱቤና አዲስ ብድር አቁሙ። አዲስ እቁብ አትግቡ። ለማንም ዋስ አትሁኑ፤ "አሁን እኔም ተይዣለሁ" ማለት ይበቃል፣ አታስረዱ። ትንሿን ዕዳ ቶሎ ዝጉ። ትንሽ ስትዘጋ የወር ክፍያው ይቀንሳል፣ ጉልበትም ትሰጣለች።

ቀይ፦ ከ50 በላይ ሆኖ በስድስት ወር የማይዘጋ፣ ወይም በየወሩ ሁለት ቀይ፣ ወይም አራጣ ከገባበት መጠኑ ምንም ይሁን ምን። በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

ሀ. ለባለቤታችሁ ተናገሩ። ደብተሩን ከፍታችሁ አሳዩ፣ ሰማያዊውንም ቀዩንም። ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የቤት ወጪ ለመቀነስ ግን ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ፊት ለፊት መናገር ካቃታችሁ የምታከብሩት አንድ ሽማግሌ ወይም የነፍስ አባት አብሯችሁ ይቀመጥ።

ለ. ክፍያ ሳታሳልፉ አበዳሪው ጋ ሂዱ። ባንክም ሆነ ማኅበር፣ ቀኑ ከማለፉ በፊት የመጣን ሰው የሚያስተናግደው በሌላ ዓይን ነው። "የመክፈያ ጊዜ ይራዘምልኝ" የሚል ማመልከቻ በጽሑፍ አስገቡ፤ ግልባጩ ላይ ማኅተም አስመቱና አስቀምጡ። በወር ስንት እንደምትችሉ ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። "እንደምንም እከፍላለሁ" የሚል መልስ እኛን አይረዳንም።

ሐ. እቁቡን በተመለከተ ለዳኛው ወይም ለጸሐፊው አስቀድማችሁ ንገሩ። ከእቁብ መቅረት ግን አይቻልም። ዋሳችሁ ጎረቤት ነው፣ ከእሱ ጋር ነገም አብራችሁ ትኖራላችሁ። እጣ ገና ካልወጣላችሁ እጣ ሲደርሳችሁ ብሩን ለዕዳ ብቻ ለማዋል ዛሬ ደብተሩ ላይ ጻፉ።

መ. የክፍያ ተራ አውጡ። መጀመሪያ የምትኖሩበትን ቤት የሚነካው። ቀጥሎ ዋስን የሚያስይዘው። ቀጥሎ ወለዱ ከባድ የሆነው። የዘመድ መጨረሻ ይሆናል፤ ነገር ግን ደውላችሁ "አልረሳሁትም፣ ከጥር በኋላ በወር 1,000 እልካለሁ" በሉ። ዘመድን የሚያስቀይመው ከመዘግየቱ ይልቅ ዝምታው ነው።

ሠ. አራጣ ካለበት ወይም የፈረማችሁት ወረቀት ካስፈራችሁ የሕግ ምክር ጠይቁ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አቅም ለሌላቸው ሰዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ያላችሁን ወረቀትና መልእክት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ። አራጣ በወንጀል ሕጉ የሚያስቀጣ ነው፤ ስለዚህ ተበዳሪው ብቻውን የሚፈራበት ምክንያት የለም።

ማስጠንቀቂያ

ባዶ ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ብሩ ያልተጻፈበት ቼክ ለመያዣ አትስጡ። ሁለቱም ላይ ሌላው ሰው የፈለገውን ቁጥር ይሞላል።

የኤቲኤም ካርድን ከነፒኑ ለአበዳሪ አታስይዙ። ደሞዛችሁ ሲገባ እናንተ ሳታዩት ይወጣል፣ ስንት እንደተወሰደም መቆጣጠር አትችሉም።

በቴሌግራም ወይም በስልክ "ያለ ዋስ ብድር እንሰጣለን፣ መጀመሪያ የምዝገባ ላኩ" የሚል ከመጣ አትላኩ። ብድር የሚሰጥ አካል ከተበዳሪ ቅድሚያ ክፍያ በግል ስልክ ቁጥር አይቀበልም። የምስጢር ቁጥራችሁንም ለማንም አትንገሩ።

የቤት ካርታ ለፍጆታ ዕዳ አታስይዙ። ለዘይትና ለኪራይ የተከማቸን ዕዳ በቤት መያዣ ማጠቃለል ሸክሙን ቀላል ያስመስለዋል፤ በጎን ግን ቤቱን አደጋ ላይ ትጥላላችሁ።

ከ500 ብር በላይ ስትበደሩም ስታበድሩም በጽሑፍ ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 መሠረት ከዚያ በላይ የሆነ ብድር በፍርድ ቤት የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው። ስትከፍሉም "ከፍሏል" የሚል ፊርማ ተቀበሉ፤ ወይም በባንክ አስተላልፉ፣ መልእክቱ ይቀራል።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

ቀሪውን ዕዳ ብቻ ጽፎ የወር ክፍያውን መተው። የሚያስጨንቀው አብዛኛውን ጊዜ የወር ክፍያው ነው።

ያልመጣን ብር ገቢ ማድረግ። "ከውጭ እህቴ ትልካለች"፣ "ቦታው ይሸጣል"፣ "ትርፍ ሰዓት ይከፈላል"። እስኪገባ ድረስ አትጻፉት።

ሁሉንም ዕዳ በአንድ ትልቅ ብድር ጠቅልሎ ሲያበቃ ሱቁ ጋ ዱቤ መቀጠል። ይህን ያደረጉ ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ትልቁንም ትንሹንም ይዘው ሲመለሱ አይቻለሁ። መጠቅለል የሚሠራው በየወሩ የሚከፈለው በእውነት ከቀነሰና ዱቤው ከቆመ ብቻ ነው።

የሚጮኽውን አበዳሪ አስቀድሞ መክፈል። ብዙ የሚደውል ሰው ያስጨንቃል፣ ነገር ግን ቤታችሁን የሚወስደው እሱ ላይሆን ይችላል። ተራውን ከደብተሩ አውጡ እንጂ ከስልኩ ጥሪ አታውጡ።

በደከማችሁበት ቀን ደብተሩን መቅደድ። ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ አምስተኛውን እርምጃ ላይ ነው። ቀዩ ሲበዛ ይከብዳል። ዝጉት፣ ተኙ፣ ነገ ቀጥሉ።

ቀጣዩን ስሌት ደሞዝ በገባ ማግሥት፣ የዕለት ገቢ ያላችሁ ደግሞ ወሩ ባለቀ ቀን ሥሩት። አዲሱን ገጽ ከአሮጌው ጎን ጻፉ፣ ሁለቱ ድምሮች ጎን ለጎን ይታዩ። ድምሩ 500 ብር እንኳ ከቀነሰ እርምጃችሁን ሳትቀይሩ ቀጥሉ። ሁለት ወር በተከታታይ ከጨመረ ቢጫ ላይ ነን ብላችሁ ከነበረ ወደ ቀይ ተሻገሩና "ለ" ላይ ያለውን ማመልከቻ በዚያው ሳምንት አስገቡ።